ከአሮጌ ዕቃ መካከል የተገኘ ሰንጢ

በአሜሪካ አገር አንድ ሰው ሸምግሎ ሲሞት፣ ወይም ቤቱን ዘግቶ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሲገባ፣ ልጆቹ በየሩቁ ከተማ ተበታትነው የሚኖሩና የየራሳቸውም ቤት በዕቃ የተጨናነቀ በመሆኑ፣ አባታቸው በሕይወት ዘመኑ ያከማቸውን ንዋይ የሚያገቡበት ስፍራ ያጡና፣ በቅዳሜ ማለዳ የቤቱን በር ወለል አድርገው ከፍተው፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዋጋውን በትንሽ ወረቀት ለጥፈው፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይሸጡታል። ይህን ሽያጭ ኢስቴት ሴል ይሉታል፤ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ቤቱን ለማቃለል ብሎ በግቢው ሣር ላይ ወይም በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ዘርግቶ ሲሸጥ ደግሞ ያርድ ሴል ወይም ጋራዥ ሴል ይባላል። እንግሊዞችም በሜዳ ላይ ተሰብስበው ከመኪናቸው የኋላ ሣጥን እያወጡ የሚሸጡበት፣ ካር ቡት የሚሉት ገበያ አላቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ልማድ በሚገባ ያውቁታል፤ በስደቱ የመጀመሪያ ዘመን አልጋውንና ጠረጴዛውን፣ የልጁንም ብስክሌት ከዚያ የገዛ ጥቂት ሰው አይደለም።

እንዲህ ባለው ሽያጭ ላይ ሌላው ሕዝብ በሳሎኑ ወንበርና በማድ ቤቱ ድስት ሲሻማ፣ ነገሩን የለመደ ስለት ሰብሳቢ ግን ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል። በዚያ ሟቹ ሲጠግንና ሲያበጅ የኖረበት ጠረጴዛ አለ፤ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥም ብሎንና ምስማር፣ የተሰበረ መነጽርና መክፈቻው የጠፋ ቁልፍ በአንድነት የሞሉበት የቡና ቆርቆሮ አይጠፋም፤ በቆርቆሮውም ሥር ብዙ ጊዜ ሰንጢ ይገኛል። ሃያኛው ምእት ዓመት እስኪጋመስ ድረስ በአሜሪካ ገጠር የሚኖር ወንድ ገመድ የሚቈርጥበትን፣ ፖም የሚልጥበትን፣ የትምባሆ ቅጠል የሚከትፍበትን ሰንጢ በኪሱ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም ነበርና፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እየተገዛ፣ በስጦታ እየተሰጠ፣ ከአባትም እየተወረሰ የሚከማቸው ሰንጢ ቍጥሩ ብዙ ነው። ወራሾቹ የቴሌቪዥኑን ዋጋ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የዛገውን ሰንጢ ግን በካርቶን ውስጥ አንድ ላይ ይጥሉና ‹‹እያንዳንዱ አንድ ዶላር›› ብለው ይጽፉበታል። ከዚያ ካርቶን ውስጥ አንድ ሰው የብዙ መቶ፣ አልፎ አልፎም የብዙ ሺህ ዶላር ሰንጢ ይዞ ሲወጣ፣ የሰሙት ሁሉ ዕድለኛ ነው ይሉታል።

እኔ ግን ነገሩን ለዕድል ብቻ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። የብራና መጽሐፍ ጸሓፊ በሥራው ፍጻሜ ላይ የራሱን ስም፣ ያጻፈውን ባለጸጋና የዘመኑን ንጉሥ ጠቅሶ እንደሚያልፍ፣ የታወቀ የስለት ሠሪም ስሙን፣ ከተማውንና ዘመኑን በስለቱ ሥር ላይ ትቶ ያልፋል። ካርቶኑን ከሰብሳቢው አስቀድመው ያገላበጡት ሰዎች ያንኑ ሰንጢ በእጃቸው ይዘውት ነበር፤ ነገር ግን ማኅተሙን ማንበብ አልተማሩምና መልሰው ጣሉት።

ማኅተሙ ያለበት ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው። ሰንጢው ተከፍቶ ሲታይ፣ ስለቱ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት፣ ያልተሳለና ጠፍጣፋ በሆነው ሥሩ ላይ፣ ከስንዴ ቅንጣት ብዙም የማይበልጡ ፊደላት ተቀርጸው ይገኛሉ። ለምሳሌ ያህል በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ብራድፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚሠራውን የኬዝን ሰንጢ እንመልከት። የኬዝ ወንድማማቾች በ1889 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ግዛት ቢላዋ እየሠሩ በሠረገላ መንገድ ዳር ይሸጡ ጀመር፤ ከዚያም በስማቸው የቆመው ማኅበር በ1905 ወደ ብራድፎርድ ተዛውሮ እስከ ዛሬ በዚያው አለ። በስማቸው አጠገብ የሚታዩት ሁለቱ የኤክስ ፊደላት፣ ማኅበሩ ራሱ እንደሚተርከው፣ ስለቱ በእሳት ገብቶ በጠነከረ ጊዜ አንዱ፣ ዳግመኛም ሙቀት አይቶ እንዳይሰበር በለዘበ ጊዜ ሁለተኛው ይመቱ የነበሩ ትእምርቶች ናቸው።

አሁን ነገሩ የሚጥምበት ስፍራ ላይ ደርሰናል። ‹‹ኬዝ ቴስትድ ኤክስ ኤክስ›› የሚል ማኅተም ያለበት ሰንጢ ከ1920 እስከ 1940 ባለው ዘመን የተሠራ ነው። ‹‹ቴስትድ›› የሚለው ቃል ቀርቶ ‹‹ኬዝ ኤክስ ኤክስ›› ብቻ የሆነው ከ1940 እስከ 1964 ነው። በ1965 ‹‹ዩ.ኤስ.ኤ.›› ተጨመረበትና እስከ 1969 እንዲሁ ቆየ። በ1970 ደግሞ ፋብሪካው አዲስ ሥርዐት አወጣ፤ ከማኅተሙ በታች ዐሥር ጥቃቅን ነጥቦች አደረገና ዓመት በመጣ ቍጥር አንዲቱን ይቀንስ ጀመር፤ ስለዚህም ማጉያ መነጽር ይዞ ሰባት ነጥብ የቈጠረ ሰው ያ ሰንጢ የ1973 ሥራ መሆኑን ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል። በ1980 ‹‹ኤስ›› የተባለችውን ፊደል የመብረቅ ቅርጽ ሰጥተው ነጥቦቹን እንደ ገና ከዐሥር ጀመሩ። በዚህ ላይ በስለቱ በሌላው ፊት የሚገኘው ቍጥር የየራሱ ምስጢር አለው። 6254 የሚል ቢሆን፣ 6 እጀታው ከአጥንት መሆኑን፣ 2 ሁለት ስለት ያለው መሆኑን፣ 54 ደግሞ ወጥመድ አጥማጆች ይወዱት የነበረውንና ትራፐር የተባለውን ቅርጽ ያመለክታል። በ6 ፈንታ 5 ቢሆን እጀታው የአጋዘን ቀንድ ነበር ማለት ነው፤ ቍጥሩ 5 እያለ እጀታው ፕላስቲክ ሆኖ ቢገኝ ግን አንድ ሰው በመካከል እጁን አስገብቷል። ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ መማር ይቻላል፤ ካርቶኑን ከሚያገላብጡት ከመቶ ሰው አንዱ እንኳ ያልተማረው፣ ትምህርቱ ከብዶበት ሳይሆን እንዲህ ያለ ትምህርት መኖሩን ስላልጠረጠረ ይመስለኛል።

የእንግሊዝ ስለት የሚነበበው በሌላ መንገድ ነው። ሸፊልድ በተባለችው ከተማ የቢላዋ ሠሪዎች ጉባኤ በሕግ የቆመው በ1624 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱ ምልክት ተመዝግቦለት፣ ሌላው እንዳይወስድበት ይጠበቅለት ነበር። ከነዚህ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የጆሴፍ ሮጀርስ ቤት ምልክቱ ኮከብና የማልታ መስቀል ነው፤ ይህ ቤት በ1822 በጌታችን ልደት ዓመት ቍጥር ልክ 1822 ስለት ያለው አንድ ትልቅ ሰንጢ ሠርቶ ለዓለም አሳይቷል፤ እንዲህ ያለ ሰንጢ ምን እንደሚቈረጥበት የጠየቀ ሰው ስለ መኖሩ አልሰማሁም። ከምልክቱ አጠገብ ዘውድና ሁለት ፊደላት ቢገኙ የነገሥታቱ ስም መነሻ ናቸውና ዘመኑን ይናገራሉ፤ የቪክቶሪያ ከሆነ ከ1901 በፊት፣ የሰባተኛው ኤድዋርድ ከሆነ ከ1901 እስከ 1910 መሆኑ ነው።

ከንጉሡ ፊደላት ይልቅ ግን የቀረጥ ሕግ ዘመንን አብልጦ ያስታውቃል። በ1890 የአሜሪካ ምክር ቤት፣ ኋላ ፕሬዚዳንት በሆነው በዊልያም ማኪንሊ ስም የሚጠራውን የቀረጥ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ አዘዘ። ስለዚህ በአሜሪካ ምድር ቤት የተገኘ ሰንጢ ‹‹ሸፊልድ›› ብቻ የሚል ከሆነ ከዚያ ሕግ በፊት ተሻግሮ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ‹‹ሸፊልድ፣ ኢንግላንድ›› የሚል ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት የአገራቸውን ፋብሪካ ከባዕድ ዕቃ ለመጠበቅ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በአሮጌ ዕቃ መካከል ለሚንበረከክ ሰብሳቢ የዘመን መቍጠሪያ እየሰጡት እንደ ነበር በሕልማቸውም አላዩት።

በእንግሊዝ ካር ቡት ላይ ሰብሳቢው ከሁሉ አብልጦ የሚመኘው ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ንዋየ ሐቅል ነው። ፌርቤርንና ሳይክስ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በቻይና፣ በሻንጋይ ከተማ ፖሊስ አገልግለው የእጅ በእጅ ውጊያን ጠባይ ካጠኑ በኋላ፣ ለኮማንዶ ወታደሮች የሚሆን ሁለት አፍ ያለው ቀጭን ጩቤ ነደፉ፤ የለንደኑ ዊልኪንሰን የሰይፍ ፋብሪካም ከ1941 መጀመሪያ አንሥቶ ይሠራው ጀመር። በመጀመሪያው ዐይነት የእጅ መከላከያው በሁለት ወገን ተጠማዝዞ የእባብ ቅርጽ ያለው ነው፤ ጦርነቱ እየከፋ ሥራው መፍጠን ሲኖርበት መከላከያው ቀጥ ያለ ሆነ፤ በመጨረሻም እጀታው ክብ ክብ ቀለበት ያለበት ቀላል ቅልቅል ብረት ሆኖ በብዛት ወጣ። የመጨረሻው ዐይነት በየገበያው ይገኛል፤ የመጀመሪያው ግን ውድ ነው። በዚያ ጦርነት የተዋጋ ወታደር ወደ ቤቱ ተመልሶ ስላየው ነገር ለልጆቹ ምንም ሳይናገር፣ ጩቤውን በጨርቅ ጠቅልሎ በቍም ሣጥን ራስ ላይ አስቀምጦት ሞተ፤ ልጆቹም ሲያገኙት የደብዳቤ መክፈቻ ይመስላቸዋል።

ከኬዝም ከሸፊልድም ይልቅ ግን ለዚህ ነገር ምሳሌ ሆኖ የሚታየኝ በ1936 በሚሺጋን ግዛት፣ በዋሉን ሐይቅ ዳር የሆነው ታሪክ ነው። ቦ ራንዳል የሚባል፣ በፍሎሪዳ ኦርላንዶ ከተማ አጠገብ ብርቱካንና ሎሚ የሚያለማ ሰው ለዕረፍት ወደዚያ ሐይቅ ሄዶ ሳለ፣ አንድ ሰው ጀልባውን ገልብጦ የቈየውን ቀለም በቢላዋ ሲፍቅ ተመለከተ። ቀለም መፋቅ ስለትን የሚያበላሽ ሥራ ነው፤ ራንዳል ግን ያ ቢላዋ ያን ሁሉ ሲፍቅ ምንም ጉዳት ያልደረሰበት መሆኑን ባየ ጊዜ ተደነቀና ቀርቦ ጠየቀ፤ በመጨረሻም ገዛው። ቢላዋው የዊልያም ስኬግል ሥራ ነበር። ስኬግል በዚያው በሚሺጋን ብቻውን ይኖር የነበረ ጠቢብ ሲሆን፣ እጀታውን ከተደራረበ ቆዳና ከአጋዘን ቀንድ እያስዋበ በእጁ የሚሠራ፣ በስለቱም ላይ ክሪስ የሚባለውን የማላይ ጩቤ ሥዕል ከስሙ ጋር የሚያትም ሰው ነበር። በ1963 ሞተ፤ ዛሬ የስኬግል ማኅተም ያለበት ቢላዋ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል።

ራንዳል ያን ቢላዋ ወደ ቤቱ ወስዶ እያገላበጠ ሲመለከተው ቆየና፣ በሚቀጥለው ዓመት በ1937 የራሱን የመጀመሪያ ቢላዋ ሠራ። ለጓደኞቹ በመሥራት የጀመረው ሙያ በጦርነቱ ጊዜ ለወታደሮች፣ ከዚያም በኋላ ለጠፈር ተጓዦች ደረሰ፤ በሜርኩሪ የጠፈር ጉዞ የተመረጡት ሰዎች የያዙት እርሱ ያበጀላቸውን ቢላዋ ነበር። ከነርሱ አንዱ ገስ ግሪሶም በሐምሌ ወር 1961 ከጠፈር ተመልሶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ባረፈ ጊዜ መንኰራኵሯ ሰጠመች፤ እርሱ ተረፈ። መንኰራኵሯ ከ38 ዓመት በኋላ በ1999 ከጥልቁ ስትወጣ የራንዳል ቢላዋ በውስጧ ተገኘ። ዛሬ ከራንዳል ቤተሰብ ዘንድ አዲስ ቢላዋ ማዘዝ የሚፈልግ ሰው ለዓመታት ተራውን ይጠብቃል። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ገበሬ በሌላ ሰው እጅ ያለውን መሣሪያ ልብ ብሎ ስለ ተመለከተ ነው፤ ጀልባውን ይፍቅ የነበረውም ሰው ቢላዋው ጥሩ መሆኑን ሳያውቅ አልቀረም፤ እርሱ ያወቀው ግን ሲፍቅበት ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሰውዬው ሰንጢውን አገኘ፣ አንዱን ዶላርም ከፈለ እንበል። አብዛኛው ሰው ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ የሚያደርገው የመጀመሪያ ሥራ ሰንጢውን ማጥፋት ነው። ሊያሳምረው ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትገዋል፣ በሚሽከረከር መወልወያ ያብለጨልጨዋል፣ ከዚያም በመሳያ ድንጋይ ይስለዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ሰማንያ ዓመት የቆየውን ዋጋ በገዛ እጁ ፍቆ ይጥለዋል። ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚከፍሉት ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ ድንጋይ ላልነካው ስለት ነው። ብዙ የተሳለ ስለት በእያንዳንዱ መሳል እየጠበበ ይሄዳል፤ ሰንጢው ሲታጠፍም ጫፉ ከእጀታው ውስጥ ጠልቆ ይገባል ወይም ያለ ስፍራው ይቀመጣል፤ ነገሩን የሚያውቅ ገዢ ይህን በአንድ እይታ ይለየዋል። ማኅተሙም ጥልቀቱ ከፀጕር ብዙ አይበልጥምና መወልወያው ፊደሉን ከነዝገቱ ይዞት ይሄዳል።

ዝገትም ሁሉ አንድ አይደለም። ብረቱ በዘመን ብዛት የሚለብሰው ግራጫ ወይም ጥቍር ሰማያዊ ገጽ ጌጡም ጋሻውም ነውና ሊነካ አይገባም፤ ቀዩና እንደ ዱቄት የሚረግፈው ዝገት ግን ሥጋውን እየበላው ነውና መቆም አለበት። ለዚህም ጥቂት ቀጭን የማዕድን ዘይት በለስላሳ ጨርቅ መቀባት፣ አንድ ሁለት ቀን ትቶ እንደ ገና በጨርቁ መጥረግ ይበቃል፤ ከዚያ የበለጠ ሥራ የሚያስፈልገው ከሆነ ለባለሙያ መተው ይሻላል። የመታጠፊያው ሞላ ድምፁ ጠንካራ ሆኖ ቀጭ ብሎ መክፈቱና መዝጋቱ፣ እጀታውን የያዙት ችንካሮች ዙሪያቸው ያልተሰነጠቀ መሆኑ፣ ስለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የማይወዛወዝ መሆኑ ሁሉ ዋጋውን ከፍ ያደርጉታል፤ እነዚህም በጥገና የሚገኙ ሳይሆኑ ከመጀመሪያው ተጠብቀው የኖሩ መሆን አለባቸው።

ስለ አቀማመጡም ሁለት ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የማይጠረጥራቸው ናቸውና። የመጀመሪያው፣ ቢላዋን በቆዳ አፎቱ ውስጥ ከትቶ ማኖር ጥበቃ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ነገር ግን ቆዳው የለፋበት መድኀኒት እርጥበት ሲያገኝ ብረቱን ይበላዋል፣ ነሐሱንም አረንጓዴ ያለብሰዋል፤ ስለዚህ ቢላዋውና አፎቱ ጎን ለጎን እንጂ አንዱ በአንዱ ውስጥ አይቀመጡም። ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። ከ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ እስከ 20ኛው አጋማሽ ድረስ ብዙ እጀታ የሚሠራው ሴሉሎይድ ከሚባለው፣ የፊልም ጥቅል ይሠራበት ከነበረው ነገር ነው፤ ሴሉሎይድ ሲያረጅ እየፈረሰ አሲድነት ያለው ጋዝ ይተፋል፣ ጋዙም የራሱን ስለት ብቻ ሳይሆን በአንድ ሣጥን ውስጥ አብረውት ያሉትን ንጹሓን ሰንጢዎች ሁሉ ያዝጋል። ስለዚህ በእብነ በረድ አምሳል የተዥጐረጐረ ወይም እንደ ዕንቍ የሚያብለጨልጭ እጀታ ያለው አሮጌ ሰንጢ ለብቻው፣ አየር በሚያገኝበት ስፍራ ይቀመጣል።

ዋጋ ባለበት ሁሉ ማጭበርበር እንደማይጠፋ የታወቀ ነው። የጠመንጃ ፋብሪካው ሬሚንግተን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሰንጢ ሥራ ገብቶ፣ በ1922 በእጀታው ላይ የጥይት ቅርጽ ያለበትንና አር 1123 የተባለውን ትልቅ ሰንጢ አወጣ፤ እስከ 1940 ድረስ የተሠሩት የጥይት ሰንጢዎች ዛሬ እጅግ ይፈለጋሉ። ሬሚንግተን ግን በ1982 ያንኑ አር 1123 እንደ አዲስ አሠርቶ ሸጠ፤ ስለዚህ የጥይቱን ምልክት ብቻ አይቶ ልቡ የሚመታ ሰው የአያቱን ዘመን ሰንጢ ሳይሆን የራሱን ዕድሜ እኵያ ሊገዛ ይችላል። ይህ የፋብሪካው ግልጽ ሥራ ነው፤ ክፉው ነገር የተሰበረ ሰንጢ ላይ ከሌላ የመጣ ስለት የሚተክሉ፣ ተራውን ስለት ፍቀው የታወቀ ስም የሚያትሙበት ሰዎች መኖራቸው ነው። ምልክቱ አዲስ፣ ገጹ ግን አሮጌ ከሆነ፤ ከሁለቱም ስለቶች አንዱ ጥቍር ሌላው ነጭ ከሆነ፤ ወይም የእጀታው ጌጥ ዙሪያው በሙጫ የተሞላ ከሆነ፣ ሰንጢው ዘመኑን ሲናገር አንደበቱ ይደናቀፋልና እጅን መሰብሰብ ይገባል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሕሊና ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ሰብሳቢዎች እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ይኖራሉ። አንዱ ወገን፣ ሻጩ ዋጋውን በገዛ ፈቃዱ ጽፏል፣ ገዢው ዕውቀቱን ያገኘው በብዙ ድካምና በብዙ ኪሳራ ነው፣ ስለዚህ የሚገባው ዋጋ ነው ይላል። ሌላው ወገን፣ ባልንጀራህ የያዘውን ነገር ዋጋ እንደማያውቅ እያየህ ዝም ማለት ከስርቆት የሚለየው በስሙ ብቻ ነው ይላል። እኔ በሁለቱ መካከል አንድ ወሰን ይታየኛል። ሸቀጥ ነጋዴ በገበያ ላይ ለዘረጋው ዕቃ ዋጋ ቢሰጥና ገዢው ዝም ብሎ ቢከፍል ነውር አይደለም፤ ነጋዴውም በሚቀጥለው ሰው ላይ እንዲሁ ያደርጋልና። ነገር ግን ባልዋ የሞተባት አሮጊት ሰንጢውን አንሥታ ‹‹ይህ ነገር ዋጋ ይኖረው ይሆን?›› ብላ የጠየቀችው ሰው፣ መልሱን እያወቀ ‹‹እኔ እንጃ›› ቢላት፣ ያን ጊዜ ንግዱ ቀርቶ ሐሰት ተጀምሯል። ሲጠይቁት እውነቱን የሚናገር ሰው የሚያጣው ገንዘብ ይኖራል፤ የሚያጣውም ዐውቆ ነው።

ስለ ሕጉ ጥቂት ቃል ልበልና ልለፍ። በቍልፍ ሲነካ በሞላ ተፈናጥሮ የሚወጣውን ሰንጢ ከግዛት ወደ ግዛት ማሻሻጥ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ1958 ጀምሮ ተከልክሏል፤ እንግሊዝም በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ክልከላ አውጥታለች። በእንግሊዝ ርዝመቱ ከሦስት ኢንች የማይበልጥና በመቈለፊያ ያልተያዘ ታጣፊ ሰንጢ ካልሆነ በቀር ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ቢላዋ ይዞ መገኘት ያስቀጣል፤ ገዝቶ ወደ ቤት የሚመለስ ሰውም ጠቅልሎና አሽጎ ቢይዘው ይሻለዋል። እጀታው የዝሆን ጥርስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል፤ አሜሪካ በ2016 በዝሆን ጥርስ ንግድ ላይ ጽኑ ገደብ ጥላለች፣ የእንግሊዝም የ2018 ሕግ ከ2022 ጀምሮ ይሠራል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ የቆየ የሸፊልድ ቢላዋ ቤት ውስጥ ማኖርና መልሶ መሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነዋል።

በመጨረሻ ወደ ገዛ ቤታችን የሚመለከት ነገር ላንሣ። የእኛ ቀጥቃጭ በሠራው ስለት ላይ ስሙን ሲቀርጽ አላየሁም፤ በሙያው ምክንያት ይናቅ የነበረ ሰው፣ ዳግማዊ ምኒልክም ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ስሙ መሰደቢያ የነበረ ሰው፣ ያን ስም በብረት ላይ ለማተም ምን ያነሣሣዋል? ስም የሚገኘው በሌላ ዐይነት ስለት ላይ ነው፤ ስሙም የሠሪው ሳይሆን የንጉሡ ነው። ከምኒልክ ዘመን አንሥቶ ለቤተ መንግሥትና ለመኳንንት ተብሎ በአውሮፓ የሰይፍ ፋብሪካዎች የተሠሩ ጐራዴዎች ነበሩ፤ በስለታቸውም ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳና ‹‹ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ›› የሚለው ቃል በፊደላችን ተቀርጾ ይገኛል። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር፣ ከ1936 እስከ 1941 ድረስም በአገራችን የነበሩት የጣልያን ወታደሮች፣ ብዙ ሰይፍና ጐራዴ ይዘው ሄደዋል፤ ከነርሱም የልጅ ልጆች ቤት ሲጸዳ እነዚህ ስለቶች በጣልያንና በእንግሊዝ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ይወጣሉ።

ሻጩ ፊደሉን ካላወቀው ጐራዴውን የዐረብ ሰይፍ ብሎ ሊጽፍበት ይችላል፤ በሮም ወይም በለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን ያለ ማጉያ መነጽር ያነበዋል። በዚያ ጊዜ እጀታውን መመልከት ያስፈልጋል፤ የጥንቱ ሰይፎቻችን እጀታ ብዙ ጊዜ ከአውራሪስ ቀንድ ነውና ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር ማሻገሩ በዓለም አቀፍ ስምምነት የታገደ ነው፤ ሳያውቅ በሻንጣው ይዞ የመጣ ሰው በአውሮፕላን ማረፊያ ይወረስበታል። ከዋጋውም በፊት ሻጩን፣ ይህን ያመጣው አያትህ ማን ነበር፣ በየትኛው ክፍለ ጦር ነበር፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው አገር ይዞት መጣ ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም እንደ ሰሙት በወረቀት ጽፎ ሻጩን ማስፈረም ይገባል፤ ያ ወረቀት ከጐራዴው ጋር ከኖረ፣ አንድ ቀን ነገሩ ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ወደ ኤምባሲ የሚቀርብ ቢሆን፣ ማን ከማን እንደ ወሰደው የሚመሰክር ሌላ ሰነድ ላይኖር ይችላልና።